ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲመዘን

ምርጥ የተባለው የሲሚንቶ እንጀራ ምድጃ «ማገዶን በግማሽ ይቆጥባል» እየተባለ ነው የሚሸጠው። ውሸት አይደለም፤ ግን ሻጩ የማይናገረው ነገር አለ። በደንብ የተቀረጸ፣ ምጣዱ ዙሪያውን የተመረገና ደረቅ እንጨት የሚነድበት ምርጥ ወደ ግማሹ ይጠጋል። ምጣዱ እንዲያው ከላይ ጣል የተደረገበት፣ አፉ ጢም ብሎ እርጥብ ባሕር ዛፍ የተጎሰጎሰበት ምርጥ ግን ከጉልቻ የሚለየው ገንዘብ በመፍጀቱ ነው።

ይህን የምንጽፈው ከአዲስ አበባ ዳር፣ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በገላን በኩል ላሉ፣ ጓሯቸው ማድ ቤት ላላቸውና ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራት ሲሄድ ወደ ማገዶ ለሚዞሩ ቤቶች ነው። ለእነሱ ፍርዳችን አጭር ነው፦ ግዙት፤ ግን አተካከሉን ለሻጩ አትተዉ። የራሱ ቆጣሪና የማይቆራረጥ መብራት ያለው ቤት ግን ብሩን ለኤሌክትሪክ ምጣድ ቢያውለው ይሻለዋል። ወደዚያ ኋላ እንመጣለን።

የማገዶ ነገር በዚህ አካባቢ የዛሬ ጣጣ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ያሰቡት በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት እየጠፋ በመሄዱ ነበር፤ ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት በዚያው ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። እንጦጦን ያለበሰው ያ ዛፍ ዛሬም በሴቶች ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ቤት በሳምንት ሁለቴ ለእንጀራ ከሚያነደው ላይ የሚቀንሰው እያንዳንዱ ፍልጥ ከዚያ ጀርባ ላይ የሚነሳ ነው።

ዕቃው

ምርጥ የተሠራው በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በመንግሥት የኢነርጂ ጥናት ባለሙያዎች ነው። በኋላ የጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂቲዜድ አምራቾችን እያሠለጠነ በየክልሉ አስፋፋው። 6 ቁራጭ አለው። 4ቱ ሲገጣጠሙ ምጣዱን የሚሸከም ክብ ግድግዳ ይሆናሉ፤ 2ቱ ከኋላ ተጋጥመው የድስት መጣጃ ይሠራሉ። እንጨቱ ከፊት ባለው አፍ ይገባል፣ ነበልባሉ በምጣዱ ሥር ያልፋል፣ ትኩሱ ጭስ ደግሞ በኋላው ቀዳዳ ሲወጣ እግረ መንገዱን ድስቱን ያሞቃል።

ቁራጮቹ የሚቀረጹት ሲሚንቶን ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ግንበኞች ሬድ አሽ ከሚሉት ቀይ ጠጠር ወይም ከአሸዋ ጋር በማቡካት ነው። ምርጫ ካላችሁ የፑሚሱን ውሰዱ። ፑሚስ በውስጡ እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ስላለው አየር ይይዛል፤ ሙቀቱም ወደ ውጭ ቶሎ አያልፍም። የአሸዋው ጠንካራ ነው፣ ግን ከባድ ነው፤ ምጣዱ ከመጋሉ በፊት ራሱ ምድጃው ብዙ ሙቀት ይጠጣል።

ቁጠባው የሚመጣው ከግድግዳው ነው። በጉልቻ ላይ ነበልባሉ በሦስቱም አቅጣጫ ይሸሻል፤ ትንሽ ነፋስ ከገባ ግማሹ እሳት የሚያሞቀው ማድ ቤቱን ነው። እንጀራ ደግሞ ዙሪያውን እኩል፣ ወደ 200 ዲግሪ የተጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ የምጣዱ ጠርዝ እንዲግል ሲባል እንጨት በላይ በላዩ ይጨመራል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት በወጡ በኩል ልክ ነው፤ የማገዶውን ሂሳብ ግን ይቀይረዋል።

ከመክፈል በፊት

ምርጥን ብዙ ጊዜ የሚያመርቱት ብሎኬት ከሚያመርቱት ጎን ለጎን ነው፤ ጥራቱም እንደ ብሎኬቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ትልቁ ጉድለት ችኮላ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ እየጠጣ እንጂ በፀሐይ እየደረቀ አይደለም። ከፎርማው የወጣ ቁራጭ ቢያንስ 7 ቀን ጥላ ውስጥ፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ መጠጣት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ወደ 28 ቀን ሲጠጋ ነው። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ላይ ደርድሮ የሚሸጥ አምራች የሚሸጥላችሁ ከወር በኋላ የሚሰነጠቅ ዕቃ ነው።

መፈተኑ ቀላል ነው። ጠርዙን በሚስማር ጫሩት፤ ዱቄት ከረገፈ ተዉት። በጣት መገጣጠሚያ ሲንኳኳ ጥርት ያለ ድምፅ ከሌለው ውስጡ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። 4ቱን ቁራጭ እዚያው መሬት ላይ አገጣጥሙና በመጋጠሚያዎቹ መሃል ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖሩን እዩ። ፎርማው ያረጀ ወይም የተጣመመ ከሆነ ቁራጮቹ ልክ አይገጥሙም፤ ያንን ክፍተት በጭቃ እንሞላዋለን ማለት በየወሩ መምረግ ማለት ነው።

ሌላው የምጣዱ ልክ ነው። የተለመደው የሸክላ ምጣድ ስፋት ከ58 እስከ 60 ሳንቲሜትር ነው፤ ግን ሸክላ ሠሪ በሜትር አይሠራምና የእናንተን በገመድ ለክታችሁ ገመዱን ይዛችሁ ሂዱ። ምጣዱ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን መቀመጥ አለበት። ጠቦ ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ከሆነ ለእሳቱ ቀርቦ መሃሉ ያራል፤ ሰፍቶ ወደ ውጭ የሚተርፍ ከሆነ ጠርዙ ሙቀት አያገኝም፤ እንጀራውም ዳር ዳሩን ነጭና ጥሬ ሆኖ ይነሳል።

ለማጓጓዝ ባጃጅም የአህያ ጋሪም ይሆናል። ቁራጮቹን አንዱን በሌላው ላይ አጋድማችሁ አትጫኑ። በጠርዛቸው አቁማችሁ መሃል መሃላቸው ጭድ ወይም ጆንያ አድርጉ። የኮሮኮንች መንገድ ለዚህ ዕቃ ርኅራኄ የለውም፤ ደርሶ የሚገኘው ስባሪ አብዛኛውን ጊዜ የአፉ ቁራጭ ነው፤ ቀጭኑ እሱ ነውና።

አተካከል

ቦታው ጣሪያ ይኑረው። ከእንጨት ወይም ከጭቃ ግድግዳ ቢያንስ አንድ ክንድ ተኩል ይራቅ። አፉ ነፋስ ወደሚመጣበት አይዙር፤ ነፋሱ እሳቱን እንደ ወናፍ ያቀጣጥለውና ነበልባሉ ምጣዱን ሳያሞቅ በኋላው ቀዳዳ ያልፋል። እንጨቱ ቶሎ ያልቃል፣ ጋጋሪዋም ምድጃውን ትወቅሳለች።

መሬት ላይ መትከል ይቻላል፤ ግን መደብ ብትሠሩለት ወገብ ያድናል። ቁመቱ 20 ሳንቲሜትር የሆነ ብሎኬት 3 ረድፍ ብትደረድሩ 60 ይሆናል፤ የምድጃው ግድግዳ ሲጨመርበት ምጣዱ ቆሞ ለሚጋግር ሰው ምቹ ከፍታ ላይ ይውላል። የብሎኬቱን መሃል በድንጋይና በአፈር ሙሉት፣ ጠቅጥቁት፣ ላዩን በጭቃ አስተካክሉት። እሳቱ በሚነድበት ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ደረቅ አመድ አንጥፉ። አመድ ሙቀት አያሳልፍም፤ ባዶ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከነደደ ግን ወለሉ ይፈነዳል።

ቁራጮቹን መጀመሪያ ያለ ጭቃ ገጣጥሙ። ምጣዱን አስቀምጣችሁ እያዞራችሁ የሚሻለውን አቀማመጥ ፈልጉ፤ ሸክላ መቼም ፍጹም ክብ አይሆንም። ሲገኝ በከሰል ምልክት አድርጉበት። ከዚያ መጋጠሚያዎቹን ምረጉ፦ 2 እጅ የሚያጣብቅ አፈር፣ 1 እጅ የተነፋ አመድ፣ በደቀቀ ጭድ ተቦክቶ አንድ ሌሊት ያደረ። በሲሚንቶ አትምረጉ። ቁራጮቹ ሲግሉ ያብጣሉ፣ ሲበርዱ ይኮማተራሉ፤ ጭቃው እሺ ይላል፣ ሲሚንቶ ግን መጋጠሚያውን ትቶ ራሱን ቁራጩን ይሰነጥቀዋል። ደግሞም አንዱ ቢሰበር በጭቃ የተያያዘውን ነቅሎ መተካት ይቻላል።

የኋላዎቹን 2 ቁራጮች ከግድግዳው ቀዳዳ ትይዩ አድርጋችሁ ግጠሙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀዳዳውን በጭቃ በማጥበብ ነው፤ ጭስ እንዲቀንስ ብሎ። ቀዳዳው ሲጠብ ጭሱ መውጫ አጥቶ በፊት አፍ ይመለሳል።

በመጨረሻ የግድግዳውን ራስ ዙሪያውን ጣት ያህል ውፍረት ባለው ጭቃ ቀቡና ምጣዱን ጫን አድርጋችሁ አስቀምጡ። ውሃ ልክ ካለ በሁለት አቅጣጫ ለኩ። ከሌለ ምጣዱ መሃል ላይ ዝርግ ሳህን አድርጋችሁ ትንሽ ውሃ ጨምሩበት፤ ውሃው የሸሸበት ወገን ዝቅ ያለ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ሊጡ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን እየተጠራቀመ፣ ግማሹ ወፍራም ግማሹ ስስ እንጀራ ይወጣለታል። ስትጨርሱ ከውጭ በኩል በምጣዱና በግድግዳው መሃል ያለውን መስመር ምረጉት። የቁጠባው ትልቁ ክፍል ያለው በዚህች መስመር ላይ ነው።

ጭቃው 2 ወይም 3 ቀን ይድረቅ። የመጀመሪያው ቀን እሳት የጭራሮ ብቻ ይሁን፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል፤ ከዚያ በራሱ ይብረድ። በማግስቱ ትንሽ ከፍ ይበል። በሦስተኛው ቀን ምጣዱን በጎመን ዘር እያሰሳችሁ አሟሹና ጋግሩ። ገና ውሃ ያለበትን ሲሚንቶ በፍልጥ ማጋል ግን ውስጡ ያለውን ውሃ ወደ እንፋሎት ለውጦ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ሲጋገር

ምርጥ ጠባብ አፍ ያለው በምክንያት ነው፤ ትንሽ እንጨት ይፈልጋል። ፍልጡ ከአውራ ጣት እስከ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ቢሆን ጥሩ ነው። ከአፉ ቁመት ከግማሽ በላይ በእንጨት አትሙሉት፤ የቀረው አየር መግቢያ ነው። አየር ያጣ እሳት ይጨሳል፤ ያ ጥቁር ጭስ ሳይነድ የወጣ ማገዶ ነው።

ስለ እርጥበት ደግሞ፦ አሁን የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ያንን እንጨት በኪሎ የገዛ ሰው ውሃ ገዝቷል፤ ሲያነደው ደግሞ እሳቱ መጀመሪያ የሚሠራው ውሃውን ማትነን ነው። ለክረምት የሚሆነውን በግንቦት ሳይሆን በጥርና በየካቲት ግዙ። ፍለጡት፤ ሳይፈለጥ በልጡ ውስጥ ያለ ግንድ ወራት አልፎትም ውስጡ እርጥብ ነው። ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርጋችሁ፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣ ላዩን ብቻ በቆርቆሮ ሸፍናችሁ ደርድሩ። ዙሪያውን በላስቲክ መጠቅለል ያሻግተዋል። ሁለት ፍልጥ ሲጋጩ ጥርት ብሎ የሚጮህ ደርቋል፤ ድብ የሚል አልደረቀም።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ለብቻው ሌላ ጠባይ አለው። ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ይነዳል፣ ቶሎ ይጠፋል። ምጣዱን ለማጋል ጎበዝ ነው፤ ለመጋገር ግን አንድ ሰው ሁልጊዜ አፉ ላይ ተቀምጦ መጨመር አለበት፣ ጭሱም ያይላል። ለመነሻ ቅጠልና ጭራሮ፣ ምጣዱ ከጋለ በኋላ ደረቅ ፍልጥ መጠቀም ጥሩ ነው። ኩበት በምርጥ ውስጥ ይነዳል፤ ግን እርሻ ያለው ቤት ኩበቱን ለማሳው ቢተወው ይጠቅመዋል።

እሳቱን መሃል ላይ ብቻ አትከምሩት። ፍሙን በእንጨት ግራና ቀኝ በተን አድርጉት፤ ምርጥ ላይ «መሃሉ አረረ ዳሩ አልበሰለም» የሚለው አቤቱታ አብዛኛው መነሻው ይኸው ነው። ምጣዱ መድረሱን ለማወቅ ጥቂት ውሃ ረጭ አድርጉበት፤ ጠብታው ዘሎ ከጠፋ ደርሷል፣ ተኝቶ ቀስ ብሎ ከደረቀ ገና ነው። ዓይን ያላወጣ እንጀራ ሁሉ ግን የምድጃ ጥፋት አይደለም፤ አብሲቱን ያላገኘ ሊጥ በየትኛውም ምድጃ ዓይን አያወጣም።

አንዴ ከጋለ ብዙ ጋግሩበት። ምጣዱንና ግድግዳውን ለማጋል የሚሄደው እንጨት ለ10 እንጀራም ለ30 እንጀራም አንድ ነው። በየቀኑ 8 እንጀራ የሚጋግር ቤት ምርጥ ገዝቶም የሚቆጥበው ጥቂት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከ20 በላይ የሚጋግር፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተራ ገብቶ አንዱ ሲጨርስ ሌላው የሚቀጥልበት ቤት ትርፉን ያየዋል። የኋላው መጣጃ ላይ ውሃ ወይም ሽሮ ይዋል፤ ድስቱ ግን እስከ አፉ አይሞላ። ገንፍሎ በጋለ ሲሚንቶ ላይ የሚፈስ ውሃ የኋላ ቁራጮችን ዋና ገዳይ ነው።

ጋግራችሁ ስትጨርሱ ፍሙን አፍሳችሁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አፍኑት፤ ለቡና የሚሆን ከሰል በነጻ ነው። ቆርቆሮው ፈጽሞ እስኪበርድ ውጭ ይደር። የከሰል ጭስ አይታይም አይሸትም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ይገድላል።

ግማሽ ነው አይደለም፣ በሚዛን

በአፍ የሚነገረውን ከማመን መመዘን ይሻላል፤ የሚያስፈልገው የተንጠልጣይ ሚዛን ብቻ ነው። ከመጋገር በፊት ከሚበቃው በላይ የሆነ እንጨት መዝኑ። ጨርሳችሁ ያልነደደውን መዝኑና ቀንሱ፣ በተጋገረው እንጀራ ቁጥር አካፍሉት። ለምሳሌ 8 ኪሎ ተመዝኖ 3 ኪሎ ቢተርፍና 25 እንጀራ ቢወጣ፣ ለአንድ እንጀራ 200 ግራም ነደደ ማለት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን በጉልቻችሁ ላይ ሦስት ጊዜ፣ ከገዛችሁ በኋላ በምርጡ ላይ ሦስት ጊዜ አድርጉ። እንጨቱ ከአንድ ክምር ይሁን፣ ጋጋሪዋም አንድ ትሁን። ልዩነቱ ከሩብ በታች ከሆነ ምድጃው ሳይሆን አተካከሉ ነው የሚመረመረው፦ መጀመሪያ የምጣዱ ዙሪያ ምርግ፣ ቀጥሎ የአመዱ ብዛት። አመድ ከሁለት ሦስት ጣት በላይ ሲከመር እሳቱና ምጣዱ ተቀራርበው የአየሩ መንገድ ይዘጋል።

የማይወደደው

ጭስ ይቀንሳል፤ አይጠፋም። ተራው ምርጥ ቧንቧ የለውም፤ ጭሱ በኋላው ቀዳዳ ወደዚያው ማድ ቤት ነው የሚወጣው። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ዓይን ማቃጠሉ አይቀርም። ቧንቧ የሚገጠምለት ዓይነት አለ፤ የተሻለ ነው፣ ግን ቧንቧው በየጊዜው ከጥላሸት ካልተጠረገ ይታፈናል። ቧንቧ ከሌለ ቢያንስ ከምድጃው ኋላ በኩል፣ ከጣሪያው ሥር፣ የአንድ ብሎኬት ያህል ቀዳዳ ክፈቱ።

ሁለተኛው፣ አንዴ ከተተከለ አይነቃነቅም። በኪራይ የሚኖር ሰው ሲለቅ ወይ ጥሎት ይሄዳል ወይ ሲነቅለው ግማሹን ይሰብረዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ጎንዚዬ የሚባለው የሸክላ ምድጃ ይቀለዋል፤ ይሸከሙታል፣ እንጀራም ወጥም ይሠራል፣ ግን እንደ ሸክላነቱ ተሰባሪ ነው።

ላቀችን ከዚህ ጋር የሚያወዳድሩ አሉ፤ ሥራቸው ለየቅል ነው። ላቀች የከሰል ነው፣ ከኬንያው የሸክላ ልባስ ምድጃ የተወረሰ፣ ከተራው የብረት ምድጃ ወደ ሩብ የሚጠጋ ከሰል የሚቆጥብ። ለወጥና ለቡና ጥሩ ነው። ግን 1 ኪሎ ከሰል በአገር ልማዱ አከሳሰል ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይፈጃል። ወጡን በምርጡ ኋላ በእንጀራው እሳት መሥራት የሚችል ቤት ከሰሉን ለቡና ብቻ ቢያስቀረው ደኑ የሚያተርፈው ከላቀች ቁጠባ በላይ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነገር ግልጽ ነው፦ አይጨስም፣ መብራታችንም ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው። ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ይህም ከ16 እስከ 18 አምፒር ማለት ነው። በከተማ ዳር በሚታየው፣ ከአንድ ቆጣሪ ለአራት አምስት ቤት በቀጭን ሽቦ በተጎተተ መስመር ላይ ምጣድ መሰካት ሶኬቱን ያቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል። ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ 4 ሚሊ ሽቦና ለብቻው ብሬከር ካለው ግን ምርጥን ይበልጠዋል። ሁለቱንም መያዝ የሚችል ቤት፣ መብራት ሲኖር በኤሌክትሪኩ፣ ሲጠፋ በምርጡ ይጋግር፤ መጋገሪያውን ሰዓት ደግሞ ሁሉ ከሚለኩስበት ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያርቀው።

ስትገዙ የአምራቹን ስልክ መዝግባችሁ አንድ ትርፍ የአፍ ቁራጭ አብራችሁ ውሰዱ። ከሌላ አምራች የተገዛ ቁራጭ፣ ከሌላ ፎርማ የወጣ ስለሆነ፣ ከእናንተው ጋር አይገጥምም።